ለቤት ሒሳብ የሚሆን የኮምፒውተር ፕሮግራም፦ እቁብንም የሚችል አለ?

የሐዋሳዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁም። የቤታችንን ገቢና ወጪ የምይዝበት፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ልመርጥ ፈልጌ ምክራችሁን እጠይቃለሁ።

ሁኔታውን ልግለጽ። እኔ መምህርት ነኝ፤ ባለቤቴ የግል ድርጅት ሠራተኛ ነው። ገንዘባችን በሁለት ባንክ፣ በቴሌብርና በእጃችን ተበታትኖ ነው የሚኖረው። በየወሩ እቁብ እንጥላለን፣ እድር እንከፍላለን፣ ለዘመድ ያበደርነውም አለ። ዱባይ የምትሠራው እህቴ ለእናታችን የምትልከው ገንዘብ ደግሞ የሚያልፈው በእኔ የባንክ ሒሳብ ነው። ወሩ ሲያልቅ የእኛ ስንት፣ የእናቴ ስንት እንደሆነ ለመለየት ከባለቤቴ ጋር ስንከራከር እናመሻለን።

ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 10 ያለበት፣ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ያረጀ ላፕቶፕ ነው። ኢንተርኔት ሁልጊዜ የለንም። በዶላር በየወሩ የሚከፈልበት ነገር አልፈልግም፤ የምከፍልበት ካርድም የለኝም። የስልክ መተግበሪያ ሞክሬ ነበር፤ ስልኩ ሲቀየር መዝገቡም አብሮ ቀረ።

በእንግሊዝኛ የተጻፉትን ምክሮች አንብቤአለሁ። ሁሉም የሚያሞግሱት «ከባንክዎ ጋር ራሱ ይገናኛል» የሚለውን ነው። የእኔ ባንክ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ምን ትሉኛላችሁ?

ባለ ኤክሴል

ፕሮግራም ፍለጋ አይድከሙ። ኤክሴል ካለዎት እሱ፣ ከሌለዎት በነፃ የሚገኘው ሊብሬኦፊስ ካልክ ይበቃል። ቀን፣ ምክንያት፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፤ አምስት ዓምድ ብቻ። ስድስተኛ ዓምድ ጨምረው የወጪውን ዓይነት ይጻፉበት፤ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ትምህርት ቤት እያሉ። ወሩ ሲያልቅ ፒቮት ሠንጠረዥ ያወጡና የት እንደገባ ያዩታል። በአማርኛ ይጽፋሉ፣ የኢትዮጵያን ቀን ይጽፋሉ፣ የሚከለክልዎት የለም። እኔ ቤቴን የማስተዳድረው በዚህ ነው።

ጥርጥር

አጎቴ በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ሱቅ ይዞ አምስት ልጅ አስተምሯል። መብራት ቢጠፋ አይጠፋ፣ ቫይረስ አይበላው።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

> ቀን፣ ምክንያት፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፤ አምስት ዓምድ ብቻ።

ወንድሜ ባለ ኤክሴል፣ አንድ ኪስ ላለው ሰው ያሉት ልክ ነው። መምህርቷ ግን አራት ኪስ አላቸው፤ አምስተኛው ደግሞ የእናታቸው ነው። ከባንክ 10,000 ብር አውጥተው 3,000ውን ወደ ቴሌብር ሲያስገቡ በእርስዎ ሠንጠረዥ የት ይጻፋል? ወጪ ነው ካሉ ውሸት ነው፣ አልወጣም። ገቢ ነው ካሉም ውሸት ነው፣ አልመጣም። ገንዘብ ከኪስ ወደ ኪስ ሲዛወር በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ኪስ የሚነካ አመዘጋገብ ያስፈልጋል። ይህ ጣሊያናዊው ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 መጽሐፍ ላይ ያሳተመው የሁለትዮሽ አመዘጋገብ ነው። ከድርጅት አልፎ ለጓዳም የሚሆን ነው።

እህቴ፣ የእኔ ምክር ግኑካሽ ነው። ነፃ ነው፤ «ነፃ» ስል የሙከራ ጊዜ አልፎ ክፍያ የሚጠይቅ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በበጎ ፈቃድ ሠራተኞች እየተሠራ የመጣ፣ ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የሒሳብ መደቦቹን፣ ማለት ለየኪሱና ለየወጪው የሚከፈቱትን መዝገቦች፣ በአማርኛ መሰየም ይቻላል። ዴቢትና ክሬዲት የሚሉት ቃላት የሚያስፈራዎት ከሆነ፣ ሲጫን እነሱን አያሳይዎትም፤ ለባንክ ሒሳብ ገባና ወጣ በሚል ዓይነት ቀላል ስያሜ ነው የሚያሳየው። እንደ እኔ ያለ የለመደ ሰው ነው ከምርጫዎቹ ውስጥ ገብቶ መደበኛውን ስያሜ የሚያበራው።

አሁን ወደ እቁቡ ልምጣ፤ ርእሱን ያነበብኩት በእሱ ምክንያት ነውና። ብዙ ሰው እቁብን «ወጪ» ብሎ ይመዘግባል፤ ዕጣው ሲወጣለት ደግሞ «ገቢ» ይላል። በዚህ አያያዝ እቁብ በሚጥልባቸው ወራት ሁሉ ድሀ፣ በወጣለት ወር ሀብታም መስሎ ይታያል። ሁለቱም ሐሰት ነው። እቁብ ዕጣ እስኪወጣ ድረስ ሰው ዘንድ ያለ ገንዘብዎ ነው፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ ዕዳ ነው። ዳኛውና ጸሐፊው ዋስ የሚጠሩት ለዚህ አይደለም?

በቁጥር እንየው። አሥር እቁብተኞች፣ በየወሩ 5,000 ብር፣ ዕጣው 50,000 ብር ይሁን። በሀብት ሥር «እቁብ» የሚል መደብ ይክፈቱ። በየወሩ ሲጥሉ 5,000 ከባንክ ወደ እቁብ ያዛውራሉ፤ ወጪ አይደለም። በሦስተኛው ወር ሦስተኛውን ጥለው ዕጣው ወጣልዎት እንበል። እቁቡ ላይ 15,000 ነበረ፤ 50,000ው ወደ ባንክ ሲገባ እቁቡ ከዜሮ በታች 35,000 ይሆናል። ያ ቁጥር ዕዳዎ ነው። የቀሩት ሰባት ወራት በ5,000 ሲባዙ 35,000 ናቸው፤ የመጨረሻውን ሲጥሉ መደቡ ዜሮ ላይ ይቆማል። ዜሮ ካልቆመ አንድ ወር ሳይመዘገብ ቀርቷል ማለት ነው። ይህን ቁጥጥር ባለ አምስት ዓምዱ ሠንጠረዥ አይሰጥዎትም።

ዕጣ ገዝተው ከሆነ፣ ማለት የእርስዎ ተራ ሳይደርስ ለባለ ዕጣው 3,000 ብር ጨምረው ከሆነ፣ ያቺ 3,000 እውነተኛ ወጪ ናት። «የእቁብ ዕጣ ግዢ» ብለው ለብቻዋ ያስቀምጧት። ዓመቱ ሲያልቅ ያዩዋታል፣ ትደነግጡም ይሆናል።

እድር ግን ወጪ ነው። ለመልቀቅ ቢፈልጉ አይመለስም፤ ስለዚህ ሀብት ሥር አያስገቡት።

ባለ ኤክሴል

ጋሼ፣ እቁቡን በዚህ መንገድ አስቤው አላውቅም፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን በኤክሴልም ለየኪሱ አንድ አንድ ገጽ ከፍቶ ማስተሳሰር ይቻላል።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

ይቻላል። አንድ ሰው መሀል ላይ ረድፍ ሰርዞ ቀመሩ እስኪበላሽ ድረስ።

ከሜሪላንድ

እኔ ያለሁት ከባንክ ጋር በራሱ የሚገናኘው ነገር በሚሠራበት አገር ነው፤ ስለዚህ ከሌላው ወገን የማየውን ልናገር።

እዚህ ለብዙ ዓመታት ሁለት ስሞች ገነው ነበር፤ ኩዊክንና ማይክሮሶፍት መኒ። የመኒን ሽያጭ ማይክሮሶፍት በ2009 አቆመ። በኋላ ያለ ምዝገባ የሚሠራ የመጨረሻ ቅጂ በነፃ ለቀቀ እንጂ እድገቱ በዚያው ቆመ። ኩዊክንን ባለቤቱ ኢንቱይት የተባለው ኩባንያ በ2016 ሸጠው፤ ዛሬ የሚገኘው በየዓመቱ በሚታደስ ክፍያ ነው፣ የሚያገለግለውም በዋናነት የአሜሪካንና የካናዳን ባንኮች ነው። ዋይናብ የሚባለው ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ የሚሠራ ነበር፤ በ2015 መጨረሻ ወደ ኢንተርኔትና ወደ ቋሚ ክፍያ ዞረ። ሚንት ደግሞ ነፃ የኢንተርኔት አገልግሎት ነበር። ኢንቱይት በ2009 በ170 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፣ በመጋቢት 2024 ዘጋው። እነዚህ ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለወሬ አይደለም። ሰው ፕሮግራም ሲመርጥ መልኩን ያያል፣ የሚሠራውን ያያል፤ መውጫውን ግን አያይም። የቤት ሒሳብ ዋጋ የሚያወጣው ዓመታት ሲደራረቡ ነው። ስለዚህ ከመጫንዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ባለቤቱ ነገ ቢዘጋው መዝገቤን ይዤ ልወጣ እችላለሁ? ግኑካሽ ፋይሉን የሚያስቀምጠው ኤክስኤምኤል በሚባል የጽሑፍ ቅርጽ ነው፤ ተጨምቆ ስለሚቀመጥ ከዚፕ እንደ ማውጣት ፈትቶ በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ማንበብ ይቻላል። ለመረጃ ጠባቂ ዳታቤዝም ቢሆን ኤስኪውላይትን የመሰለ የታወቀና ክፍት ነገር ነው የሚጠቀመው።

ከባንክ ጋር መገናኘቱ ስለቀረብዎት ብዙም አይዘኑ። ራሱ እየመጣ የሚመዘገብ ወጪ ራሱ ይረሳል። እኔ አሁን ሁሉም ወርዶ ከመጣልኝ በኋላ ምን እንደገዛሁ የማላስታውሰው ብዙ ነው።

ጠጋኙ

መምህርት፣ ኮምፒውተር ጥገና ስለምሠራ ከሒሳቡ ይልቅ ስለ ማሽኑ ልናገር።

አንደኛ፣ በፍላሽ የሚዞሩትን የተሰበሩ ቅጂዎች አይንኩ። ሱቄ የሚመጣው ግማሽ ችግር ከዚያ የሚነሳ ነው። የባንክ መረጃዎን በሚጽፉበት ማሽን ላይ ከማን እንደመጣ የማያውቁትን ፕሮግራም መጫን የቤት ቁልፍ ለመንገደኛ እንደመስጠት ነው። ነፃና ሕጋዊ የሆነ እያለ ምን አስጨነቀዎት?

ሁለተኛ፣ መብራት። ግኑካሽ እንደተለመደው በፋይል ሲሠራ የጻፉት የሚቀመጠው ሲያስቀምጡት ነው፤ በራሱ የሚያስቀምጥበት የደቂቃ ልዩነት አለው፣ እሱን ማሳጠር ይቻላል። ፋይሉን በኤስኪውላይት ቅርጽ ካስቀመጡት ግን እያንዳንዱ ምዝገባ ወዲያው ይጻፋል። የላፕቶፕዎ ባትሪ የሞተ ከሆነ ሁለተኛውን እመክራለሁ። መብራት ድንገት ከሄደ በኋላ ሲከፍቱት «ፋይሉ በሌላ ተይዟል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊያወጣ ይችላል። አይደንግጡ። ሲከፈት የሚፈጥረው የመቆለፊያ ምልክት ሳይሰረዝ ስለቀረ ነው። ባለቤትዎ በሌላ ኮምፒውተር ያንኑ ፋይል እንዳልከፈቱት ብቻ ያረጋግጡና «ቢሆንም ክፈት» ይበሉት።

ሦስተኛ፣ በኤክስኤምኤል ሲሠሩ ባስቀመጡ ቁጥር የቀድሞውን ቅጂ ቀንና ሰዓት ለጥፎ እዚያው አቃፊ ውስጥ ያኖረዋል። ሰዎች አቃፊው ሲሞላ ቆሻሻ መስሏቸው ይሰርዙታል። ተዉት፤ ከሠላሳ ቀን ያለፈውን ራሱ ያጸዳል። እነዚህ ግን እዚያው ዲስክ ላይ ናቸው፤ ዲስኩ ሲሞት አብረው ይሞታሉ። በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ፍላሽ ይቅዱ፤ ፍላሹም ከላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥ፣ ሌባ ሁለቱን ለያይቶ አይወስድም።

ግኑካሽ ከከበደዎት ሆምባንክ አለ። እሱም ነፃ ነው፣ ለዊንዶውስም አለ፣ ቀለል ያለ ነው፣ በአሮጌ ማሽን ላይ ይፈጥናል። መኪና ላለው ሰው የነዳጅና የኪሎሜትር ሪፖርት አለው። እኔ ለሞተር ብስክሌቴ እጠቀምበታለሁ፤ ነዳጅ ሲጨምር ከወሬ ይልቅ ከእሱ ነው የማየው።

ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ነፃው መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ አብቅቷል፤ ይህን በሌላ ቀን እናወራለን፤ ሊኑክስ ቢጭኑበት ሁለቱም ፕሮግራሞች እዚያም አሉ።

ቀን ቆጣሪ

ሁላችሁም ዋናውን ነገር ዘላችሁት። የእነዚህ ፕሮግራሞች ወር የፈረንጅ ወር ነው። የመምህርቷ ደመወዝ የሚገባው በእኛ ወር ማብቂያ ነው፤ የቤት ኪራዩም፣ የእቁቡም ቀን በእኛ ነው። ፕሮግራሙ «የጥቅምት ወጪ» ብሎ የሚያወጣው ቁጥር በከፊል መስከረም በከፊል ጥቅምት ሊሆን ነው። ጳጉሜንስ የት ልትገባ ነው? ባለ ኤክሴል በዚህ ነጥብ ያሸንፋችኋል።

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

ይህ ትክክለኛ ተቃውሞ ነው፤ ሙሉ መድኃኒትም የለውም። የማደርገውን ልናገር።

ግኑካሽ ውስጥ የሒሳብ ዘመኑን መጀመሪያና መጨረሻ ራስዎ መወሰን ይችላሉ። የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 በእነርሱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው፤ ከዚያ እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2026 ያድርጉት፣ ጳጉሜንም ገባች። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን የሚቀጥለው ዓመት በሴፕቴምበር 12 እንደሚጀምር አይርሱ። የወር ሪፖርት ሲፈልጉም ቀኖቹን በእጅ መስጠት ይቻላል፤ ጥቅምት ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9 ነው። አንድ ጊዜ ሪፖርቱን አስተካክሎ ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ ስለሚቻል በየወሩ መቀየር ያለብዎት ሁለቱን ቀኖች ብቻ ነው። ያሰለቻል፣ አልዋሽም። በመግለጫው ላይ «የጥቅምት ደመወዝ» ብሎ መጻፍ ደግሞ በኋላ ለመፈለግ ይጠቅማል።

ይልቅ በወር ብቻ አያስቡ። በእኛ ቤት ወጪ በእኩል ወር አይመጣም። መስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም አለው፤ ከዚያ መስቀል፤ ከገና በኋላ ጥምቀት፤ ፋሲካ ሲመጣ በግ። የአሥራ ሁለት እኩል ወር በጀት የሚሠሩት ፕሮግራሞች መስከረምን «ከበጀት በላይ ወጣ» እያሉ በቀይ ይጮሁበታል። ለበዓልና ለትምህርት ቤት ለየብቻ ንዑስ መደብ በባንክ ሥር ከፍተው በየወሩ ጥቂት ማዛወር ይሻላል፤ ገንዘቡ እዚያው ባንክ ነው፣ በመዝገብ ግን ታስሯል።

ከሻርጃ

ስለ ላኪዋ እህት የተናገረ የለም፤ እኔ በዚያ ቦታ ያለሁ ነኝና ልጻፍ። እህቴ መምህርት፣ ለእናታችሁ የሚላከውን በገቢ ሥር አታስገቢው። የአንቺ ገቢ አይደለም። በዕዳ ሥር «የእናቴ ገንዘብ» የሚል መደብ ክፈቺ። ሲላክ ባንክሽ ያድጋል፣ ዕዳውም ያድጋል፤ ለእናትሽ ስትሰጪ ሁለቱም ይቀንሳል። በማንኛውም ሰዓት ያ መደብ ላይ ያለው ቁጥር የእናትሽ ነው። ክርክሩ እዚያ ያበቃል።

እኔ በበኩሌ በድርሃምና በብር እይዛለሁ። ግኑካሽ አንዱን መደብ በድርሃም፣ ሌላውን በብር ማድረግ ይፈቅዳል፤ ስታዛውሪ የዚያን ቀን ምንዛሪ ይጠይቅሻል። ድርሃም ለብዙ ዓመታት በዶላር 3.67 አካባቢ የታሰረ ስለሆነ ዶላር ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ከዚያ በፊትና በኋላ የላክሁትን በብር ብቻ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ልግስናዬ በድንገት እጥፍ የሆነ ይመስላል። በድርሃም ያለው ግን ከወር ወር ያው ነው። ሁለቱንም ማየት ነው የሚበጀው፤ በተለይ ቤት ያሉት «ዘንድሮ አበዛሽ» ሲሉ።

የሐዋሳዋ መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእናቴን ገንዘብ ዕዳ ማድረግ የሚለው ብቻ ግማሹን አቀለለልኝ። ትናንት ማታ ግኑካሹን ጭነን «ባንክ»፣ «ቴሌብር»፣ «በእጅ ያለ»፣ «እቁብ» ብለን ከፈትን፤ አማርኛው በትክክል ይታያል። ሦስት ጥያቄ ቀረኝ።

አንድ፦ እቁቡን ጀምረን አራተኛ ወር ላይ ነን፤ ዕጣ አልደረሰንም። ከየት ልጀምር? ሁለት፦ የይለፍ ቃል የት ነው የሚገባው? ልጆቹ ኮምፒውተሩን ይነካካሉ። ሦስት፦ ለሽንኩርትና ለታክሲ የማወጣውን ሁሉ መጻፍ አለብኝ?

ጡረተኛው ሒሳብ ሹም

ለመጀመሪያው፦ እስከ ዛሬ የጣሉትን ደምረው የእቁብ መደቡ መነሻ ሒሳብ ያድርጉት፤ አራት ጊዜ 5,000 ጥለው ከሆነ 20,000። ባንኩም፣ ቴሌብሩም፣ በእጅ ያለውም በዛሬው ቀን ባላቸው ቀሪ ይጀምሩ። ለእያንዳንዱ ተቃራኒው ወገን ግኑካሽ ራሱ «መነሻ ሒሳብ» ብሎ በካፒታል ሥር የሚይዘው ነው። ያለፈውን ዓመት እየቆፈሩ ለማስገባት አይሞክሩ፤ ብዙ ሰው ፕሮግራሙን የሚተወው እዚያ ላይ ደክሞት ነው።

ለሦስተኛው፦ አይጻፉ። ከኤቲኤም ያወጡትን ወደ «በእጅ ያለ» ያዛውሩ፤ ወጪ አይበሉት። ከ500 ብር በላይ የሆነውን ብቻ በስሙ ይጻፉ። ቅዳሜ ማታ ቦርሳውን ቆጥረው በመዝገቡና በእጅዎ መካከል ያለውን ልዩነት «የዕለት ወጪ» ብለው በአንድ መስመር ይዝጉት። ባንክና ቴሌብር ግን በሳንቲም ልክ መሆን አለባቸው፤ አጭር መልእክቶቹ ስልክዎ ላይ አሉና። የአገልግሎት ክፍያውንና በእሱ ላይ የሚታሰበውን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በዚያው ምዝገባ ውስጥ በተለየ መስመር ለብቻ ያስቀምጡ፤ አለበለዚያ መዝገቡን ከባንኩ መግለጫ ጋር ሲያስታርቁ ጥቂት ብሮች እየጎደሉ ያናድድዎታል።

ባለ ኤክሴል

ባንክዎ መግለጫውን በኤክሴል ከሰጠዎት ሲኤስቪ ብለው ያስቀምጡትና ግኑካሽ እንዲያነበው ያድርጉ። ቀኑ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተጻፈ ይጠይቅዎታል፣ እዚያ ላይ ይጠንቀቁ። ከዚህ በፊት የት እንደመደቡት እያየ ቀጣዩን ራሱ ይገምታል። እሑድ ዕለት ሞከርኩት። ሠንጠረዤን ግን አልተውኩም።

ጥርጥር

ተሸነፈ።

ጠጋኙ

ለሁለተኛው ጥያቄ፦ ግኑካሽ የይለፍ ቃል የለውም፤ ፋይሉንም አይቆልፍም። በዊንዶውስ ላይ ለልጆቹ የራሳቸውን መግቢያ ይክፈቱላቸው፤ የአስተዳዳሪ መብት የሌለው። የእርስዎን መግቢያ በይለፍ ቃል ይዝጉና ፋይሉን እዚያ ውስጥ ያኑሩ። ወደ ፍላሽ የሚቀዱትን ደግሞ ሰባት ዚፕ (7-Zip) በሚባለው የፋይል መጭመቂያ ከይለፍ ቃል ጋር ይጨምቁት፤ ነፃ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ፋይሉን እንዲቆልፍ የግድ ከፈለጉ መኒ ማኔጀር ኢኤክስ የሚባለው ሌላ የቤት ሒሳብ ፕሮግራም የተመሰጠረ ዳታቤዝ ይፈጥራል፤ እቁቡን እዚያም እንደ አንድ ሒሳብ ከፍተው ማዛወር ይችላሉ። ግን አንዱን ከጀመሩ በኋላ ሌላውን አይጀምሩ።

የይለፍ ቃሉን ለባለቤትዎ ይንገሯቸው። የረሱ ሰዎች ሱቄ ሲመጡ ልረዳቸው አልችልም።